ሆርሞን የሚበስለው የት ነው?

በጫሞ ሐይቅ ዳር አሸዋ ውስጥ ገና የተቀበረ የአዞ እንቁላል ወንድም ሴትም አይደለም። የሰው ልጅ ሲፀነስ ጾታው በክሮሞዞሙ ተወስኖ ይመጣል፤ ላሙም፣ ፍየሉም፣ ዶሮውም እንዲሁ። አዞ ግን የጾታ ክሮሞዞም የለውም። እናቲቱ በአንድ ጉድጓድ ከቀበረቻቸው ሃምሳ ስድሳ እንቁላሎች የትኛው ወንድ፣ የትኛው ሴት እንደሚሆን የሚወሰነው ሦስት ወር ገደማ በሚፈጀው የመፈልፈያ ጊዜ፣ በተለይም በመካከለኛው ሲሶ፣ አሸዋው ባገኘው ሙቀት ነው። በናይል አዞ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ሙቀቱ 31 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በታች ሲሆን የሚፈለፈሉት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ወደ 32 እና 33 ሲጠጋ ወንዶች ይበዛሉ፤ ከ34 አልፎ ሲወጣ ደግሞ ሴቶቹ ተመልሰው ይበረክታሉ። አርባ ምንጭ የሚደርስ እንግዳ በጀልባ ወደ አዞ ገበያ ሄዶ አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ የሚሞቁትን ግዙፍ አዞዎች አይቶ ይመለሳል። ትልቁ ነገር ግን ከእግራቸው ሥር፣ ማንም በማያየው አሸዋ ውስጥ ተከናውኖ ያለቀ ነው። በሁለት ዲግሪ ልዩነት አንድ ሽል ወንድ፣ ወንድሙ ሊሆን ይችል የነበረው ሴት ሆነው ይወጣሉ። ሙቀቱን ወደ ጾታ በመተርጎሙ ሥራ ውስጥ ትልቅ ድርሻ ያላቸው ስቴሮይድ ሆርሞኖች ናቸው።

ሆርሞን ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ቀላል ሥዕል ነው። አንድ ዕጢ አለ፤ ዕጢው ያመነጫል፤ ደም ተሸክሞ ያደርሳል፤ አካል ይታዘዛል። ቴስቶስቴሮን «የወንድ ሆርሞን»፣ ኤስትሮጅን «የሴት ሆርሞን» ተብሎ ስም ወጥቶላቸዋል። ይህ ሥዕል ሐሰት አይደለም፤ ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ከጋሞ ቆላ በሚወጣው ሙዝ በደንብ ይታያል። ከላንቴና ከጫኖ ማሳ ተቆርጦ በመኪና ወደ አዲስ አበባ የሚጫነው ሙዝ አረንጓዴ፣ ጥሬ ነው። የሚበስለው ከተማ ደርሶ መጋዘን ከገባ በኋላ ነው። አርባ ምንጭ መውጫ ላይ ቆሞ ጭነቱን የሚቆጥር ሰው ስንት ኩንታል እንደወጣ ያውቃል፤ በየሰፈሩ ስንቱ እንደበሰለ፣ ስንቱም እንደበሰበሰ ግን አያውቅም። ስቴሮይድ ሆርሞኖችም ብዙውን ጊዜ እንደዚሁ ናቸው። ዕጢው ጥሬውን ይጭናል፤ ደም መንገዱ ነው፤ የሚያበስለው፣ የሚለውጠው ወይም የሚያበላሸው የደረሰበት ሕብረ ህዋስ ነው። ስለዚህ የአንድ ስቴሮይድ ሆርሞን የመጨረሻ ትርጉም የሚታወቀው ከወጣበት ዕጢ ብቻ ሳይሆን ከገባበት ቤት ነው።

ይህ የሚሆንበትን ምክንያት ለመረዳት ወደ አፈጣጠራቸው መሄድ ያስፈልጋል። ስቴሮይድ ሆርሞኖች ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ እናታቸውም ሐኪሞች ሁልጊዜ ስለ ብዛቱ የሚያስጠነቅቁን ኮሌስትሮል ነው። ኮሌስትሮል እርስ በርስ የተያያዙ አራት የካርቦን ቀለበቶችና አንድ ጭራ ያለው ሲሆን በጠቅላላው 27 የካርቦን አተሞች አሉት። በአድሬናል ዕጢ፣ በወንድ የዘር ፍሬና ኦቫሪ በሚባለው የእንቁላል ማምረቻ ውስጥ ባሉ ህዋሳት ይህ ኮሌስትሮል ማይቶኮንድሪያ ወደተባለችው የህዋስ ክፍል ይገባል፤ እዚያም ጭራው ተቆርጦ 21 ካርቦን ያለው ፕሬግኔኖሎን ይሆናል። እርግዝናን የሚጠብቀው ፕሮጄስትሮንና በጭንቀት ጊዜ የሚጨምረው ኮርቲሶል በዚሁ በ21 ካርቦን ደረጃ ላይ ያሉ ናቸው። ሁለት ካርቦን ሲቀነስ ቴስቶስቴሮንን ጨምሮ 19 ካርቦን ያላቸው አንድሮጅኖች ይገኛሉ። ከእነዚህ ላይ አሮማቴዝ የተባለው ኢንዛይም አንድ ካርቦን ነቅሎ አንዱን ቀለበት ሲለውጠው 18 ካርቦን ያለው ኤስትሮጅን ይወጣል። እንግዲህ «የሴት» የምንለው ሆርሞን «የወንድ» ከምንለው ተጠርቦ የሚሠራ ነው፤ በአንድሮጅን በኩል ሳያልፍ ኤስትሮጅን የሠራ አካል የለም። መንገዱ ደግሞ የአንድ አቅጣጫ መንገድ ነው፤ ኤስትሮጅን ከሆነ በኋላ ወደ ቴስቶስቴሮን መመለስ አይቻልም። በሁለቱ ስሞች መካከል ያለው አጥር ከአንድ ኢንዛይም የሚበልጥ አይደለም።

ሥራው ራሱ በአንድ እጅ ብቻ የሚያልቅም አይደለም። በዶርዜ ጥጡን የሚፈትሉት ሴቶች ናቸው፤ ሸማውን የሚሸምኑት ወንዶች። አንዱ ወገን ያለሌላው ልብስ አያወጣም። በኦቫሪ ውስጥም እንቁላሏን ከውጭ የሚከባት የህዋስ ረድፍ አንድሮጅን ይሠራል፤ ወደ ኤስትሮጅን መለወጥ ግን አይሆንለትም። ከውስጥ ያለው ረድፍ አሮማቴዝ አለው፤ አንድሮጅኑን ከመነሻው መሥራት ግን አይችልም። ፈትሉ ከውጭ ወደ ውስጥ ሲሻገር ሸማው ይሠራል። ሆርሞኑን የሚሠራው ቤት የትኛው እንደሆነም ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። በደጋው የሚረባውን በግና በቆላው የሚረባውን ፍየል ማነጻጸር በቂ ነው። ሁለቱም አምስት ወር ገደማ ያረግዛሉ፤ ሁለቱም ፅንሱን ይዘው ለመቆየት ፕሮጄስትሮን ያስፈልጋቸዋል። ፍየል ግን ይህን ሆርሞን እስከ መጨረሻዋ ቀን የምታገኘው ኦቫሪዋ ላይ ከሚቀረው ቢጫ አካል ነው፤ እሱ በመድኃኒት ከጠፋ በየትኛውም ወር ትጨነግፋለች። በግ ላይ ሁለተኛው ወር ሲያልቅ ሥራውን የእንግዴ ልጁ ይረከባል፤ ከዚያ በኋላ ቢጫው አካል ቢጠፋም እርግዝናው ይቀጥላል። ሆርሞኑ አንድ ነው፤ የሚሠራበት ቤት ግን ተለውጧል። ሁለቱን እንስሳት አንድ ዓይነት መርፌ የሚወጋ ሰው ውጤቱ የተለያየ ሆኖ የሚያገኘው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ እንቁላሉ እንመለስ። ሙቀት ጾታን እንደሚወስን መጀመሪያ የታወቀው በአፍሪካ ምድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በሴኔጋል ዳካር ይሠሩ የነበሩት ማድሊን ሻርኒዬ አጋማ የተባለው እንሽላሊት እንቁላል በተለያየ ሙቀት ሲቀመጥ የጾታው ስብጥር እንደሚለወጥ አሳወቁ። አሊጌተር በሚባለው የአሜሪካ የአዞ ዘመድ ላይ ተመሳሳይ ውጤት የታተመው በ1982 ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ሙከራዎች ሆርሞኑን በቀጥታ ተከሳሽ ሳጥን ውስጥ አቆሙት። ወንድ በሚያወጣ ሙቀት የተቀመጠ የአሊጌተር ወይም የኤሊ እንቁላል ቅርፊት ላይ ኤስትሮጅን ሲቀባ የሚፈለፈሉት ሴቶች ሆኑ። በተቃራኒው ሴት በሚያወጣ ሙቀት የተቀመጡ የኤሊ እንቁላሎች ላይ አሮማቴዝን የሚያግድ መድኃኒት ሲደረግ ወንዶች ተገኙ። ይህ ሁሉ የሚካሄደው በሽሉ ውስጥ፣ ገና ወንድ ወይም ሴት ለመሆን ባልቆረጠች ትንሽ የአካል ክፍል አካባቢ ነው። ከሩቅ የተላከ ትእዛዝ የለም፤ ቤቱ ለራሱ ያበስላል።

ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄ ሊያነሳ ይገባል። የመጀመሪያው፣ «ሙቀት በቀጥታ አሮማቴዝን ያሠራል ማለት ነው?» የሚል ነው። አይደለም። በአሊጌተር ሽል ውስጥ የአሮማቴዝ መጠን በግልጽ የሚጨምረው ጾታ የሚወሰንበት ወቅት ከተጋመሰ በኋላ ነው። በቀይ ጆሮ ኤሊ ላይ በ2018 የታተመ ሥራም ሙቀት ሌሎች ዘረ-መሎችን የሚከፍት ሌላ ኢንዛይም ላይ እንደሚሠራ አሳይቷል። ስለዚህ የኤስትሮጅን ድርሻ የመጀመሪያውን ቃል መናገር ላይሆን ይችላል፤ የተጀመረውን ውሳኔ ማጽናትና ማተም ግን የእሱ ነው፤ ከውጭ ሲጨመርም ውሳኔውን መገልበጥ ይችላል። ሁለተኛው ጥያቄ የበለጠ ይከብዳል። እናቲቱ እንቁላሉን ስትሠራ በአስኳሉ ውስጥ የራሷን ኤስትሮጅን ታስቀራለች፤ ታዲያ ሽሎቹ ሁሉ ለምን ሴት አይሆኑም? መልሱ የዚህን ጽሑፍ ክርክር ያጠናክረዋል። የኤሊ ሽሎች ላይ እንደታየው ሽሉ ገና ከማለዳው የእናቱን ኤስትሮጅን ከሰልፌት ጋር እያጣመረ ወደማይሠራ መልክ ይለውጠዋል። ሆርሞኑ አስኳሉ ውስጥ አለ፤ ቋንቋው ግን ተወስዶበታል። ገና ዐይን ያላወጣ ፍጡር ከእናቱ የመጣውን መልእክት የትኛውን እንደሚሰማ የሚመርጠው በሚያፈርሳቸው ሆርሞኖች ነው።

በዚያው ሐይቅ የሚኖረው ቆሮሶ ዓሣ ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ያሳየናል። ቆሮሶ እንደ ሰው የኤክስና የዋይ ክሮሞዞም አለው፤ ግን ክሮሞዞሙ የመጨረሻው ዳኛ አይደለም። ጫጩቶቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት 36 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ውኃ ውስጥ ከቆዩ፣ በዘራቸው ሴት መሆን የሚገባቸው ብዙዎቹ ወንድ ሆነው ያድጋሉ፤ ኦቫሪያቸውን የሚያሠራው አሮማቴዝ በሙቀቱ ስለሚቀንስ ነው። በአዞ ዘንድ ትንሽ መሞቅ ወንድ ያመጣል፤ ብዙ መሞቅ ሴት ይመልሳል። በቆሮሶ ዘንድ ብዙ መሞቅ ወንድ ያበዛል። ኢንዛይሙ አንድ ዓይነት፣ አቅጣጫው ተቃራኒ። በዓለም ዙሪያ ዓሣ አርቢዎች ይህን ተጠቅመው ለጫጩቶቹ ምግብ ላይ ሜቲልቴስቶስቴሮን ለአራት ሳምንት ገደማ በመጨመር ሁሉንም ለማለት በሚቻል ደረጃ ወንድ ያደርጋሉ፤ ወንዱ ቶሎ ያድጋልና። «እንግዲያው የምንበላው ሆርሞን ነው» የሚል ስጋት ቢነሳ መልሱ ያው ሆርሞን በአካል ውስጥ የሚለወጥበት ሂደት፣ ሜታቦሊዝም፣ ነው። ከጫሞና ከአባያ በመረብ የሚወጣው ዓሣ እንዲህ ያለ ምግብ አልበላም። በኩሬ የሚረባውም ሆርሞኑን የሚያገኘው ከአንድ ግራም በታች ሳለ ነው፤ ለገበያ እስኪደርስ ባሉት ወራት ጉበቱ ለውጦ በሐሞትና በሽንት ያስወጣዋል። ጥንቃቄ የሚሻው ከኩሬው የሚፈስሰው ውኃና ሆርሞኑን በእጁ የሚቀላቅለው ሠራተኛ ነው።

በአርባ ምንጭ ቆላ በየዓመቱ ሰው የምታስቸግረው የወባ ትንኝም የዚህ ታሪክ አካል ናት። ነፍሳት የኮሌስትሮልን ቀለበት ከመነሻው መሥራት አይችሉም፤ ከሚመገቡት ማግኘት አለባቸው። ለሴቷ ትንኝ ደም እንቁላል የምትሠራበት ጥሬ ዕቃና እንቁላሉን መሥራት እንድትጀምር የሚያዛት ምልክት ነው። ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ በሌላ የትንኝ ዝርያ ላይ እንዳሳዩት ደም ከጠጣች በኋላ ኦቫሪዋ ኤክዳይሶን የተባለ ስቴሮይድ ታመርታለች። ይህ ግን ገና ጥሬ ነው። ጉበትና ጮማን በአንድነት የሚተካው የትንኟ የስብ አካል አንድ የኦክስጅን አተም ሲጨምርበት ይበስላል፤ የበሰለውም ያንኑ የስብ አካል የአስኳል ፕሮቲን እንዲሠራ ያዝዘዋል። በአፍሪካ ዋነኛ የወባ አስተላላፊ በሆነው አኖፌሊስ ጋምቢዬ ደግሞ ወንዱ ይህን ስቴሮይድ ራሱ ሠርቶ በሚገናኝበት ጊዜ ለሴቷ ያስረክባል። አሁን ደግሞ ሴቷን አዞ እንመልከት። ኦቫሪዋ የላከው ኤስትሮጅን ጉበቷን የአስኳል ፕሮቲን እንዲሠራ ያደርገዋል፤ ፕሮቲኑ በደም ተጉዞ እንቁላሉ ውስጥ ይከማቻል። ትንኝና አዞን የሚለያያቸው የዝግመተ ለውጥ ዘመን እጅግ ረጅም ነው፤ አሠራራቸው ግን ያው ነው። አንዱ ቤት ይልካል፤ ሌላው ቤት ተርጉሞ ይሠራል።

የሚጠነክረው ተቃውሞ ከገጠር ልምድ የሚመጣ ነው። ወይፈን ሲኮላሽ ጠባዩም፣ አካሉም፣ ሥጋውም ይለወጣል፤ ሙክት የሚባለው ፍየልም እንዲሁ። ፋብሪካው ሲነሳ ሁሉም ነገር ከቆመ፣ ወሳኙ ዕጢው ነው እንጂ ቤቱ ምን ድርሻ አለው? ለወይፈኑ ይህ ክርክር በአመዛኙ ልክ ነው። ለሰው ግን አይበቃም፤ ልዩነቱም ራሱ ማስረጃ ነው። የሰው አድሬናል ዕጢ ዲኤችኢኤ የተባለ ደካማ አንድሮጅን በብዛት ወደ ደም ይለቅቃል። ይህ ጥሬ ሙዝ ነው፤ ብቻውን ብዙ አይሠራም፤ ስብ፣ ቆዳ፣ ጡትና ፕሮስቴት ግን እንደየኢንዛይማቸው ወደ ቴስቶስቴሮን ወይም ወደ ኤስትሮጅን ያበስሉታል። ቻርልስ ሃጊንስ በ1941 የፕሮስቴት ካንሰር የዘር ፍሬን በማስወገድ እንደሚዳከም አሳይተው በ1966 የኖቤል ሽልማት አገኙ። ብዙ ሕሙማን ላይ ግን ካንሰሩ ከጊዜ በኋላ ይመለሳል። አንዱ ምክንያት ዕጢው ከጠፋ በኋላም ካንሰሩ ከአድሬናል የሚመጣውን ጥሬ ለራሱ ማብሰል መቻሉ ነው፤ ለዚህም ነው ከ2011 ጀምሮ የአንድሮጅንን አሠራር በየቤቱ የሚዘጋ መድኃኒት በሥራ ላይ የዋለው። በሴቶችም ተመሳሳይ ነው። የወር አበባ ካቆመ በኋላ ኦቫሪ ኤስትሮጅን ማምረቱን በአመዛኙ ያቆማል፤ የጡት ካንሰር ግን ኤስትሮጅን አያጣም፤ ስቡና ጡቱ ራሱ በአሮማቴዝ ይሠሩለታልና። አናስትሮዞልና ሌትሮዞል የተባሉት መድኃኒቶች የሚያግዱት ይህንኑ ኢንዛይም ነው። የአዞን እንቁላል ጾታ በማጽናት የሚሠራው ኢንዛይም የእናቶቻችንን ሕይወት በማዳን ሕክምና ውስጥ ዋነኛ ዒላማ ሆኗል።

ማብሰል ግማሹ ሥራ ከሆነ ማበላሸት ሌላው ግማሽ ነው። ኩላሊት ውስጥ ጨውን የሚያስቀር ትእዛዝ የሚቀበለው ተቀባይ የተሰናዳው አልዶስቴሮን ለተባለው ሆርሞን ነው፤ ግን ኮርቲሶልም እኩል ይገጥመዋል። በደም ውስጥ ደግሞ ኮርቲሶል ከአልዶስቴሮን እጅግ ይበልጣል። ኩላሊት የሚድነው በሩ ላይ ባቆመው ኢንዛይም ነው፤ ኮርቲሶሉን ተቀባዩ ወደማያውቀው ኮርቲሶን ይለውጠዋል። ይህ ኢንዛይም በዘር የሚጎድላቸው ልጆች ገና በሕፃንነታቸው ከፍተኛ የደም ግፊት ይይዛቸዋል። ጉበት ደግሞ ነገሩን ይገለብጠዋል፤ ኮርቲሶንን ወደ ኮርቲሶል ይመልሳል። ፕሬድኒሶን የተባለው ክኒን ጉበት ፕሬድኒሶሎን እስኪያደርገው ድረስ የማይሠራው፣ በቆዳ ቅባት ውስጥም የሚገባው ኮርቲሶን ሳይሆን ሃይድሮኮርቲሶን፣ ማለትም ኮርቲሶል ራሱ፣ የሆነው ለዚህ ነው፤ ቆዳ ጉበት አይደለም። አንዳንድ የውጭ ኬሚካልም ችግር የሚፈጥረው የሆርሞኑን ተቀባይ፣ ማለትም በሩን፣ ይዞ ነው። በኢትዮጵያ ለአሥርት ዓመታት በየቤቱ ግድግዳ ላይ ለወባ መከላከያ ሲረጭ የኖረው ዲዲቲ በአካል ውስጥ ወደ ዲዲኢ ይለወጣል፤ በስብ ውስጥም ለዓመታት ይቀመጣል። ዲዲኢ ሆርሞን አይደለም፤ ግን የአንድሮጅንን ተቀባይ ይዞ ቴስቶስቴሮን እንዳይገባ ይዘጋል። በፍሎሪዳ አፖፕካ ሐይቅ ከ1980ው የፀረ-ተባይ ብክለት በኋላ የተመረመሩት ወጣት ወንድ አሊጌተሮች የቴስቶስቴሮን መጠናቸው የወረደ፣ የብልታቸው እድገትም የተስተጓጎለ ሆኖ ተገኝቷል። ዲዲቲ ከወባ ያተረፈው ሕይወት መካድ የለበትም። መቀበል ያለብን መርዝ የሚለካው በሚገድለው ብቻ ሳይሆን በሚዘጋው በርም እንደሆነ ነው።

ከዚህ ሁሉ ለተራው አንባቢ የሚተርፈው አንድ ጥንቃቄ አለ። በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ የሚጻፈው የሆርሞን ቁጥር በመንገድ ላይ ያለውን ጭነት ይነግረናል፤ በየቤቱ የበሰለውን አይነግረንም። ሐኪሙ ቁጥሩን ብቻ አይቶ ሳይበይን ምልክቱን፣ ዕድሜውን፣ የሰውነት ክብደቱንና የሚወሰደውን መድኃኒት የሚጠይቀው ለዚህ ነው። «ሆርሞን ያስተካክላል» ተብሎ ያለሐኪም ትእዛዝ የሚዋጥ ክኒንም የሚያስፈራው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጭነቱ አንድ ቢሆንም ጉበት፣ ስብና ኩላሊት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ያደርጉበታል። ለጫሞ ዳርቻ ደግሞ ትርጉሙ ሌላ ነው። የአዞ ጎጆ ዙሪያ ያለው ቁጥቋጦ ሲመነጠር አሸዋው ላይ የሚያርፈው ፀሐይ ይለወጣል፤ ሙቀቱ በአንድና ሁለት ዲግሪ ሲንቀሳቀስ የሚፈለፈሉት ወንዶችና ሴቶች ቁጥር አብሮ ይንቀሳቀሳል። እንቁላል ሰብስቦ ለሚያስፈለፍል የአዞ እርባታም ቴርሞሜትሩ የሚለካው የክፍሉን ሙቀት ብቻ አይደለም፤ የነገውን መንጋ ጭምር ነው። ያ እንቁላል አሸዋው ውስጥ ሲቀበር ወንድም ሴትም አልነበረም። ከአስኳሉ የእናቱን ኤስትሮጅን አፍርሶ፣ ከሙቀቱ የሚመጣውን ምልክት ተርጉሞ የሚሆነውን የሆነው እዚያው፣ ቅርፊቱ ውስጥ ነው።